ዝም ያለው ሰፈር

ፋናዬ ጆሮዋ የደከመ መሰላት። መቼ እንደጀመራት ለይታ አታውቅም፤ ብቻ ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላታል፤ ሰፈሩም ጥጥ የተጠቀጠቀበት ያህል ታፍኗል። አልደነገጠችም። በዚያ ሰሞን ዓይኗም አብሮ ቢጠፋ የምትደነግጥ አልነበረችም። «ይኸም መጣ» ብላ ተቀመጠች።

የምትኖረው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ወደ ገላባት ድልድይ ከሚወርደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኙ መጠጥ ቤት በሆነ ሰፈር። ያን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ዝም አለ ቢባል አያምንም። ከፋናዬ ግሮሰሪ በስተቀኝ የእፀገነት ቤት አለ። እፀገነት ሞንታርቦዎቿን ደጅ ገትራ ስትከፍታቸው የፋናዬ ቆርቆሮ ይርገበገባል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይንጫጫሉ። ፊት ለፊት የሙሐመድጣሂር ሻይ ቤት ነው፤ ፉልና ሻይ ይሸጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ በዐረብኛ ይለፈልፋል፤ ደንበኞቹም ከቴሌቪዥኑ በላይ ይጮሃሉ። ባጃጁ ሁሉ የየራሱን ዘፈን ከፍቶ ያልፋል። ፋናዬና ባሏ ዋኘው በዚህ ሁሉ መሀል፣ እንደ ቆላ ሰው ወግ፣ አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ሰማይ ሥር ይተኙ ነበር። ዋኘውማ ጸጥ ሲል እንቅልፍ አይወስደኝም ይል ነበር።

ዋኘው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የባለሀብቶቹን ሰሊጥና ማሽላ ከእርሻ ካምፕ ወደ ከተማ ያመላልሳል። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሰውን በቁሙ በሚቀቅልበት ሰሞን፣ ከኮኪት በኩል ማሽላ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠበት። ረዳቱ ተረፈ። ዋኘው ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ድንኳኑ የተተከለው መንገዱ መሀል ነው፤ ሌላ ሰፊ ቦታ አልነበረም። መጠጥ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ወንበርና አግዳሚያቸውን አውጥተው ለለቀስተኛው ሰጡ። ሙሐመድጣሂር በትልቅ ድስት ሻይ እያፈሉ ራሳቸው ያድሉ ነበር። እህቷ ሰገነት ከሳንጃ መጣች፤ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ፋናዬ ሬሳው ከመኪና ሲወርድ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ወዲያ እንባ አልመጣላትም። ሰዎች ሲያለቅሱ ታያለች፣ «ውሃ ስጧቸው» ትላለች። አንዳንዱ ጥንካሬ ነው አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ አንገቱን ነቀነቀ።

ሰገነት ወደ ሳንጃ ልውሰድሽ ብላ ለመነቻት። ከዋኘው ጋር ልጅ አልወለዱም፤ ብቻዋን መቅረቷ ነው። ፋናዬ ግን እምቢ አለች። ምክንያት አልነበራትም። መኪና መሳፈር፣ ልብስ ማጠፍ፣ በሰው ቤት ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ፣ ይኼ ሁሉ ታሰባትና ደከማት።

አርባው ከወጣ በኋላ ግሮሰሪዋን ከፈተች። የከፈተችውም ከታንጉት ጋር ነው። ታንጉት ከአብርሃ ጅራ የመጣች አስተናጋጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ሥራ ግን አታዝረከርክም። ጠጪው ጥቂት ሆነ። የሚመጣውም ቢራውን ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው አጠገቡ ሕፃን እንደተኛበት ሰው ነው። ሲወጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። ፋናዬ ከድልድዩ ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ንግዱ ቀዝቅዟልና ይኼም የዚያው ነው ብላ አለፈችው። ብላ አለፈችው ይባል እንጂ ማሰቡንም አላሰበችው። ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ አስፋልቱ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ሙቀት ታያለች። ታንጉት አንድ ቀን ጨው ረስታ ወጥ አቀረበችላት፤ ፋናዬ ጨርሳ በላች። በነጋታው ታንጉት ሆን ብላ ጨው ሳትጨምር አቀረበች። ያንንም ጨርሳ በላች።

ጆሮዋ ደከመ ያለችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። የእፀገነት ሙዚቃ አይሰማትም። የሙሐመድጣሂር ቴሌቪዥን ምስሉ ይታያል እንጂ ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እያነበቡ በእጃቸው ይነጋገራሉ። ታንጉት ስታናግራት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማት ግን ሹክሹክታ ነው። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ደህና አድርጋ ትሰማለች። ከበድ ያለ ነገር ስለሆነ ነው አለች ለራሷ።

ሐኪም ቤት ሂጂ ያለቻት ታንጉት ናት። ታንጉትም የመሰላት እንደዚያው ነበር፤ ደጋግማ ትጠራታለች፣ ፋናዬ ዞር አትልም። መስከረም ጠብቶ፣ የቀን ሠራተኛው ከጎጃምም ከወሎም ለሰሊጥ አጨዳ እየጎረፈ በመጣበት ሰሞን አንድ ጠዋት ነጠላዋን አልብሳ ሸኘቻት።

ጤና ጣቢያው ወባ በያዘው ሰው ተሞልቷል። ፋናዬ ተራዋ እስኪደርስ ግድግዳ ስታይ ቆየች። የመረመራት ወጣት ጤና መኮንን ነው። ጆሮዋ ውስጥ በመብራት አየ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙሮ እሱ ከኋላዋ ራቅ ብሎ ቆመና የሚለውን እንድትደግም ነገራት። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሎሚ» አለ። «ሎሚ» አለች። «ድልድይ» አለ። «ድልድይ» አለች። በሩ አጠገብ ደርሶ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ጎተራ» አለ። «ጎተራ» አለች።

«ጆሮዎ ምንም አልሆነም፤ ከእኔም ይሻላል» አላት።

እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ ይበላሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። እበላለሁ አለች። ሰው ሞቶብዎታል ወይ ሲላትም አዎ፣ ባሌ አለች፤ ዛሬ ቀን ስንት ነው ተብላ እንደተጠየቀች ነበር የመለሰችው። ወጣቱ አያትና ካልተሻላት ሌላ ቀን ተመልሳ እንድትመጣ፣ ከሰው ጋር እንድትውል መከራት። እሺ ብላ ወጣች።

ስትመለስ ከጤና ጣቢያው በር ባጃጅ ያዘች። ባለባጃጁ ከሌላ ሰፈር የሚሠራ ወጣት ነው፤ ዘፈኑን ለቆት ወንበሩ ሥር ያለው ስፒከር የፋናዬን ተረከዝ ይደበድባል። እውነትም ጆሮዋ ደህና ነበር። ከበሮውን፣ ማሲንቆውን፣ የዘፋኙን ትንፋሽ ሁሉ እየለየች ሰማች። ሰማሁ ብላ አልተደሰተችም፤ ብቻ ታዘበች። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሯ ሲታጠፍ ልጁ እጁን ሰዶ ዘፈኑን አጠፋው።

ፋናዬ ለምን እንደጠየቀች አታውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ለማወቅ መፈለጓ ነበር። «ለምን ዘጋኸው?» አለችው።

«እዚህ ሰፈር ሐዘን አለ እታለም። ዘፈን ከፍቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ሁላችንም እንዘጋለን።»

«የማን ሐዘን?»

«እኔ አላውቃትም። ባሏ የሞተባት ሴት አለች ይላሉ፣ የሾፌር ሚስት።»

ከዚያ በመስተዋቱ አያት። ጥቁር ነጠላዋን አየ፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ስትወርድ «እግዜር ያጥናሽ» አለና ሞተሩ እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ አዙሮ ሄደ።

ፋናዬ ደጇ ላይ ቆማ ሰፈሩን አየችው። ቀትር ነበር። የሙሐመድጣሂር ቴሌቪዥን እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ ይሠራል፤ አንዱ ደንበኛ ሳቅ አምልጦት አፉን በመዳፉ ሲይዝ አየች። የእፀገነት ሞንታርቦዎች በሯ ላይ ነበሩ፤ ግን ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ አንሶላም ተጥሎባቸዋል፤ አንሶላው ላይ የክረምት ጭቃ ተረጭቶ ደርቋል። ይኼን ሁሉ ወራት በየቀኑ እያየችው አላየችውም ነበር።

ገብታ ታንጉትን አስቀመጠቻትና ጠየቀቻት። ታንጉት ወለሉን እያየች አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ድንኳኑ በተነሳ ዕለት የሰፈሩ ሰዎች ሻይ ቤቱ ተሰብስበው ነበር። ሙሐመድጣሂር እስከ አርባው ድረስ ሙዚቃም ጩኸትም አይኑር አሉ፤ ሁሉም ተስማማ። አርባው ወጣ። በአርባው ማግስት ሁሉም ደጁ ላይ ቆሞ ማን ቀድሞ ይከፍታል ብሎ ተያየ፤ ማንም አልከፈተም። ሰማንያ አሉ። ሰማንያውም አለፈ። ከዚያ በኋላ ቀን የሚቆርጥ ሰው ጠፋ። እፀገነት፣ ፋናዬ አንዴ ሳትስቅ እኔ ሙዚቃ አልከፍትም ብላ ምላለች። ጠጪው ዝም ባለ ቤት ምን አደርጋለሁ እያለ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዷል። ሁለቱ የእፀገነት አስተናጋጆችም እዚያው ተከትለውት ሄደዋል።

«እና አንቺስ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» አለች ፋናዬ።

«እኔማ ያውቃሉ ብዬ ነበር፣ እትዬ» አለች ታንጉት። «የሚያውቁና ደስ የሚልዎት መስሎኝ።»

ፋናዬ ባንኮኒዋ ኋላ ተመለሰች። ምስጋና ሊሰማት እንደሚገባ ታውቃለች። ሌላ ሴት ብትሆን አሁን ተነስታ የእፀገነት አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር፤ ያም ታወቃት። ተቀምጣ ጠበቀች። የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሳይጠይቃት ጀርባዋ ላይ ኩንታል እንደጫነባት ያለ ክብደት። ያንን ሁሉ ዝምታ ስለ እሷ ነበር የተሸከሙት፤ እሷ ደግሞ ደንቁሬ ነው ብላ ነበር።

ለቀናት ምንም አላደረገችም። ለእፀገነት የምትለውን አሰበች፤ ቃሉ አፏ ላይ ሳይደርስ ይበተናል። ሰላምታ ሲለዋወጡ እፀገነት እንደ ወትሮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዴት አደርሽ ፋናዬ» ትላለች፤ ፋናዬም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትገባለች።

ነገሩን የነካካው ናሁሰናይ ነው። ናሁሰናይ ከጎንደር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ የሰፈሩ ጥግ ላይ የነበረውን መጋዘን ተከራይቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ለአጨዳው ወቅት አዲስ መጠጥ ቤት አሰናዳ። ሰው የሚያህሉ ስፒከሮች አስመጣ። ገና ሳይከፍት ሙሐመድጣሂርና እፀገነት ሄደው ነገሩት፤ እሱም እሺ ብሎ መክፈቻውን አዘገየ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና አዘገየ። ሠራተኛው ግን ከተማውን ሞልቶታል፤ ማታ ማታ ሌላ ሰፈር ሲዘፍን ይሰማል፤ የናሁሰናይ ወንበሮች ፕላስቲካቸው ሳይወልቅ አቧራ ይጠጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እፀገነትና ናሁሰናይ መንገዱ መሀል ተገናኝተው ተነጋገሩ። ፋናዬ ከውስጥ ሆና ሰማች፤ ጆሮዋ ደህና እንደሆነ ካወቀች ወዲህ ሁሉም ይሰማታል። ናሁሰናይ አልጮኸም። ሐዘን አከብራለሁ፣ የእኔም እናት ቤት ሐዘን ገብቶ ያውቃል፣ ግን ማንኛውም ሐዘን ቀን አለው፣ እስከ መቼ እንደሆነ ንገሩኝና እጠብቃለሁ አለ። እፀገነት እስከ መቼ ተብሎ አይጠየቅም አለችው። እንግዲያው ራሳቸውን ልጠይቃቸው አለ። ይኼኔ ሙሐመድጣሂር ከሻይ ቤታቸው ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ያዳምጣል። ሐዘንተኛን ሄዶ መቼ ትጨርሻለሽ ብሎ መጠየቅ ከሙዚቃውም የባሰ ነው አሉ።

ፋናዬ ተነስታ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ። የሚያልፉ ሠራተኞችም ቆመው አዩ። ልትናገር አፏን ከፈተች። የሚጠብቁት ቃል ከእሷ አጠገብ አልነበረም። ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸውና ተመልሳ ገባች። ከኋላዋ እፀገነት ናሁሰናይን «አየህ?» ስትለው ሰማች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ፋናዬ ከሰዓት በኋላ ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ያንኑ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። ታንጉት ወዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። «እዚሁ ነኝ» አለቻት።

ናሁሰናይ ቤቱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ያስራል። ሲያያት ሊወርድ ሲል መሰላሉ ተንገዳገደ። መሀል ላይ ካሉት ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች፤ የመቀመጫው ፕላስቲክ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ። የሚጠጣ ምን ላምጣ አላት። ለስላሳ አለች። አመጣላትና ሳይቀመጥ ፊቷ ቆመ።

«ሙዚቃ የለህም?» አለችው።

«አለኝ።»

«ክፈተው እንጂ።»

ናሁሰናይ ወደ በሩ አየ። «እዚህ ሐዘንተኛ አለች ብለውኝ ነው» አለ።

«ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እትዬ። ለዚህ ነው ያልከፈትኩት።»

«እኔ ነኝ ካልኩህ እኔው ክፈት እያልኩህ ነው።»

ሄዶ ከፈተ፤ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ የተደበቀ ሬዲዮ ያህል። ከፍ አድርገው አለችው። ጨመረ። አሁንም አለችው። ያኔ ስፒከሮቹ እንደሚገባቸው ተነፈሱ፤ የጠረጴዛው ለስላሳ ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ በበሩ ወጥቶ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ያዘው።

የመጀመሪያዋ ደራሽ እፀገነት ናት። የምታጥበውን ሳህን እንደያዘች፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ፣ ልትጣላ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ደርሳ ፋናዬን መሀል ቤት ተቀምጣ አየቻት። ቆመች። ሳህኑን አንዱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ከደጅ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ሙሐመድጣሂርም ከሻይ ቤታቸው በር ላይ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ።

ዘፈኑ ስለ ናፍቆት ነበር። ዋኘውም ይወደው ነበር፤ ጭነት አራግፎ ሲመለስ መሪውን በጣቱ እየመታ ያንጎራጉረው ነበር። ፋናዬ ዘፈኑ አንድ ነገር እንዲያደርጋት ጠበቀች። ጉሮሮዋን እንዲይዛት፣ ወይ ዓይኗን እንዲያቃጥላት። ተጫውቶ አለቀ። ሌላ ተተካ። እሱም አለቀ። ከጎኗ የምታለቅሰው እፀገነት ናት።

«ተቀይመሽናል?» አለቻት እፀገነት፣ በዘፈኑ መሀል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ።

«አይ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድነው?»

ፋናዬ ስትመልስላት ለቀናት የተበተነባት ቃል ያለ ድካም ወጣ። «ምንም አይሰማኝም እፀገነት። ዝም ስትሉም ምንም፣ ስትዘፍኑም ምንም። ዝም ማለታችሁን እንኳን ያወቅኩት ሰሞኑን ነው፤ ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እንግዲያ ቤታችሁ ለምን ይፈታል? ክፈቱ።»

እፀገነት ዓይኗን ጠረገች። «እኛ እኮ ይሰማሽ ብለን አይደለም ዝም ያልነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንጃ። ሌላ የምናደርግልሽ ስናጣ ነዋ።»

ፋናዬ ለስላሳዋን ጨርሳ ተነሳች። በሩ ላይ የቆሙት መንገድ ለቀቁላት። በሙሐመድጣሂር ፊት ስታልፍ ቆም ብላ ቴሌቪዥንዎን ይክፈቱ አለቻቸው። «እሺ ልጄ፣ አላህ ያበርታሽ» አሉ። ቤቷ ገብታ ስትቀመጥ የዐረብኛው ወሬ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እፀገነትም ትንሽ ቆይታ አንሶላውን ገፈፈች። ሞንታርቦዎቹ ዝናብ ጠጥተው ኖሮ አንዱ ከነጭራሹ አልሠራ አለ፤ ሌላው እየተቆራረጠ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንደ ድሮው ሆነ፤ እንዲያውም ባሰበት። የሰሊጡ አጨዳ ተጋግሎ ነበርና ከየካምፑ የሚወጣው ሠራተኛ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ደጁ ሁሉ ጠርሙስ ሆነ። ከፋናዬ አጥር ሥር የሚሸናው በዛ። አንድ ትራክተር ነጂ የታንጉትን ክንድ ይዞ አለቅም ሲል፣ ናሁሰናይ ሦስት ቤት ተሻግሮ መጥቶ በጨዋ ቃል አስወጣው፤ በማግስቱም ሰውየውን ልኮ ታንጉትን ይቅርታ አስጠየቃት። ባለቤቶቹ ሻይ ቤቱ እንደገና ተሰበሰቡ፤ ሙዚቃው መሸት ሲል የሚቀንስበትን፣ ለሰከረ ሰው መጠጥ የማይጨመርበትን፣ አስተናጋጅ የማይነካበትን ደንብ ተነጋገሩ። ፋናዬንም ጠሯት፤ ሄዳ ተቀመጠች። ምን ትያለሽ ሲሏት ጥሩ ነው አለች።

የእሷም ግሮሰሪ ጠጪ አገኘ። ቢራ ትከፍታለች፣ ጠርሙስ ትለቅማለች፣ በረዶ ታስመጣለች። ሰዎች ፊቷ ላይ መሳቅ ጀመሩ። እሷ አልሳቀችም፤ ማንም ግን አልጠበቃትም፤ ይኼ እንኳን ቀለል አላት። ሰገነት ከሳንጃ ስትደውል ደህና ነኝ ትላታለች፤ ሰገነትም ከጀርባዋ የሚሰማውን ጩኸት እየሰማች እንዴት ትኖሪዋለሽ ትላታለች።

ኅዳር ገብቶ ሙቀቱ ጋብ ባለ ሰሞን አንድ ቀን ምሳ በልታ ጋደም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት። ቀን እንቅልፍ ወስዷት ስለማያውቅ የጠለቀ ነበር። ናሁሰናይ ለማታው አዲስ የመጣለትን ስፒከር ሊሞክር ኖሮ በሩን ወለል አድርጎ ለቀቀው። የፋናዬ ቤት ከመሠረቱ ተናወጠ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ የነበረ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ፋናዬ ራሷን ያገኘችው መንገዱ መሀል ነው። አንድ እግሯ የራሷን፣ ሌላው የታንጉትን ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። የናሁሰናይ በር ላይ ደርሳ ስፒከሩን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው!» አለችው። «የሚተኛ ሰው አለ፣ የታመመ ሰው አለ። አንተ ቤት ብቻ ነው እንዴ መንገዱ?»

ናሁሰናይ ዘሎ አጠፋው። ይቅርታ እትዬ፣ የተኙ አልመሰለኝም፣ ሁለተኛ አይደገምም አለ፤ ደጋግሞ እጅ ነሣ። እሷ ግን ገና አላበቃችም ነበር። አጥሯ ሥር ስለሚሸኑት፣ በረንዳዋ ላይ ስለሚከማቸው ጠርሙስ፣ መንገድ ዘግተው ስለሚቆሙት ባጃጆች ሁሉ ነገረችው። አፏ ሲደርቅ አቆመች። ዞራ ስትመለስ ልቧ ጎድን አጥንቷን እየደበደበ ነው፤ ፊቷ ይግላል። የእፀገነት አጥር አጠገብ ስትደርስ አጥሩን ይዛ ቆመች።

ታንጉት መጥረጊያ እንደያዘች በሩ ላይ ነበረች። «ምን ሆኑ እትዬ?» አለቻት።

«ተናደድኩ» አለች ፋናዬ።

ታንጉት መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አየቻት። ፋናዬ ገብታ ውሃ ጠጣች፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ እንደገና ቀድታ ጠጣች። የልቧ ምት እየዘገየ ሄዶ ቆይቶ ሰከነ። ሲሰክን በቦታው የመጣ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ያው የቀድሞው ነው። ስብርባሪውን ለቀመች፤ አልጋዋ ላይ ተመልሳ ጋደም አለች፤ እንቅልፉ ግን አልመለስም አለ።

ወዲያው እፀገነትም የራሷን ሙዚቃ ዝቅ ስታደርገው ሰማች፤ ከዚያም ጨርሳ ስታጠፋው። ፋናዬ ትንሽ ቆየችና ታንጉትን ጠራቻት።

«ሂጂና እፀገነትን፣ የተቆጣሁት አንቺን አይደለም በያት» አለች። «ትክፈተው።»

ታንጉት ሄደች። ፋናዬ ጣሪያውን እያየች ጠበቀች፤ ከጎን ቤት መጀመሪያ የሚቆራረጥ፣ በኋላም የተስተካከለ ዘፈን ተነሳ፣ ቆርቆሮውም ቀስ ብሎ መርገብገብ ጀመረ።